ጠገራ ብር ይሻላል ወይስ የምኒልክ ብር?

ጅማ ውስጥ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚገባው ከሁለቱ አንዱ ነው፦ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ወይም አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር።

ጠገራው ግራ ያጋባል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ 1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተጽፏል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ብትሞትም ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ዓመቱን ሳይቀይሩ ሲመቱት ኖረዋል። ስለዚህ ዘግይቶ የተመታው ሐሰተኛ አይደለም፤ ዋጋው ነው የሚለየው። ሐሰተኛው ከሌላ ብረት የተሠራው ነው። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። እዚያ ላይ የላቲን ፊደላት ጎልተው ይዳሰሳሉ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ፊደሉ ይድበሰበሳል፣ ዙሪያውንም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል።

የምኒልክ ብር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ የተመታ ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። እዚህ ዓይን ይፈተናል፦ የአንበሳው ጎፈር፣ የፊደሎቹ አንገት፣ በግዕዝ አኃዝ የተጻፈው ዓመት። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ከሻጩ ጋር ቡና ጠጥቼ መፈተሽ አሳፈረኝና እንዲሁ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ጎፈሩ እንደ ሟሟ ሳሙና ነው፤ ማግኔት ሳስጠጋው ደግሞ ጥብቅ! ብር በማግኔት አይሳብም።

ለጀማሪ ጠገራውን እመርጣለሁ። የአንገት ጌጥ ሆኖ ጆሮ የተበየደለት ከሆነ ግን ሚዛኑን አትመኑ። ሁለቱንም በአመድና በሎሚ አትፈትጉ።