ለውሃ ቁጠባ የቱ ይሻላል፦ የእርከን ታሪፍ ወይስ የሮቶ ድጎማ?

የደሴ ነዋሪ ውሃ እንዲቆጥብ ማበረታቻ ይሰጥ ቢባል የትኛው ይስማማል?

ወጪ፦ ታሪፉ ለማስፈጸም ርካሽ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በኪዩቢክ ሜትር ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። ድጎማው፣ ማለትም የጣሪያ ዝናብ ለሚያጠራቅም ሮቶ የሚሰጠው ድጋፍ፣ በጀት ይፈልጋል።

ፍትሕ፦ ታሪፉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ግቢ አራት ተከራዮች አንድ ቆጣሪ ከተጋሩ፣ ጀሪካን ቆጥሮ የሚቀዳው ሁሉ እንደ አባካኝ ታይቶ በላይኛው እርከን ይከፍላል። ድጎማውም ቢሆን ለባለቤቱ ያደላል፤ በሰው ጣሪያ ላይ አሸንዳ የሚገጥም ተከራይ የት ይገኛል?

ውጤት፦ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እስከ 1,000 ሊትር ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሮቶው ይትረፈረፋል፤ በበጋ ግን ባዶውን ይቆማል። ለልብስና ለመጸዳጃ እንጂ ሳይታከም ለመጠጥ አይሆንም።

የግል ቆጣሪ በበዛበት ሰፈር ታሪፉ ይሠራል። ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣበት ዳገታማ ሰፈር ድጎማውን እመርጣለሁ።