ዮርክ በበጋ፦ ኪስን ሳይነኩ የሚታዩ ስፍራዎች

በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘውን ዮርክን በሐምሌ ወር ለሁለት ቀናት ጎብኝቼ የተረዳሁት፣ ምግቧና ማደሪያዋ ውድ ቢሆንም ምርጥ ምርጡ ነገሯ በነፃ የሚታይ መሆኑን ነው። 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ጥንታዊው የከተማ ቅጥር ያለ ክፍያ በእግር የሚዞሩት ሲሆን፣ በውስጥ በኩል አንዳንድ ቦታ መከታ ስለሌለው ልጆች ይዞ ለሚወጣ ሰው ያሰጋል።

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር በመክነፍ የእንፋሎት ባቡሮችን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘችው ሰማያዊዋ ማላርድ እዚያ ቆማለች፤ አጠገቧ ስቆም 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ትላልቆቹ መንኮራኩሮቿ ከቁመቴ በለጡ። ከጃፓን የመጣው ፈጣን ባቡር ውስጥም ገብቶ መቀመጥ ይቻላል።

ታላቁ ካቴድራል ለጉብኝት ቢያስከፍልም፣ ለማታው የመዝሙር ጸሎት የሚገባ ሰው ምንም አይጠየቅም። በደጁ የንግሥት ዕሌኒ ልጅ ቆስጠንጢኖስ በነሐስ ሐውልት ተቀምጦ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ306 ሠራዊቱ ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሾመው በዚህችው ከተማ ነውና፣ መስቀልን እያከበረ ላደገ ሰው ሳያዩት ማለፍ ይከብዳል።

የበጋው ዝግጅት ሁሉ ነፃ አይደለም፤ በሐምሌ ለሚካሄደው የጥንታዊ ሙዚቃ ፌስቲቫል አብዛኛው ትርኢት ትኬት ይጠይቃል፣ በነሐሴ የፈረስ እሽቅድምድም ሰሞን ደግሞ ከተማዋ ስለምትጨናነቅ ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።