ያመመኝ ጆሮዬ አልነበረም

ይህን የምጽፈው ሕመሜ ከመንጋጋ መገጣጠሚያዬ መሆኑን ያወቀችልኝን አንዲት የጥርስ ሐኪም ለማመስገን፣ እንደኔ ለሚንከራተትም ለመጠቆም ነው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ግራ ጆሮዬን ሲወጋኝ ከረመ። የጆሮ ጠብታ ሦስት ጊዜ ታዘዘልኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ "ጥርስሽ ነው" ብሎ ደህናውን ጥርሴን ነቀለው፤ ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። ሠርግ ላይ ጉርሻ ሲቀርብልኝ አፌ አልከፈት ብሎ ወጡ ቀሚሴ ላይ የፈሰሰ ቀን ነው የቆረጥኩት።

እሷ ዘንድ ስቀርብ ሁለት ጣቷን ከጆሮዬ ፊት አሳርፋ "እትዬ፣ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ አሁን ይዝጉ" አለችኝ። አሸዋ ሲረገጥ ያለ ድምፅ እኔም ሰማሁ። አፌ ምን ያህል እንደሚከፈት በማስመሪያ ለካችኝ፤ 26 ሚሊ ሜትር። ጤነኛ ሰው 40 እና ከዚያ በላይ፣ በግምት ሦስት ጣት ያህል ይከፍታል።

ራጁን ካየች በኋላ ጡጫዋን በሌላው መዳፏ ላይ አሳርፋ መሃሉ ላይ የታጠፈ ጎዝ (የቁስል ማሸጊያ ጨርቅ) አስገባች። "ጎዙ የመንጋጋዎ ትራስ ነው። ሲሳሳና ሲንሸራተት አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል።" ዕድሜም፣ የቆየ ምትም፣ የመገጣጠሚያ ብግነትም ያመጡታል አለችኝ፤ የኔን ግን ሌሊት ጥርስ ማፋጨቴ ሳያባብሰው አልቀረም። ባለቤቴ "ስንት ዓመት ነገርኩሽ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ቀዶ ጥገና ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ የመጨረሻው ነው ብላ በጥርሴ ልክ ማታ ማታ የሚጠለቅ ጠንካራ ፕላስቲክ አሠራችልኝ። ሙቅ ፎጣ፣ ለጥቂት ቀን ማስታገሻ፣ የአገጭ እንቅስቃሴ፣ ሳዛጋ አገጬን በእጄ መደገፍ። ቆሎ ተከለከልኩ። ቡና ያለ ቆሎ፤ እስቲ እናንተ ፍረዱ! ፕላስቲኩ ቆረቆረኝ እያልኩ አራቴ ተመለስኩ፤ አራቴም ሞርዳ አስተካከለችልኝ፣ አምስት ሳንቲም አልጨመረችብኝም።

ከሁሉ የወደድኩላት አለማባበሏን ነው። "የተበላው አጥንት እንደነበረው አይሆንልዎትም፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ይረግባል" አለችኝ። በአምስተኛው ወር የአፌ መከፈት 37 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ድምፁ አሁንም አለ፤ እንቅልፍ ግን አይነሳኝም።

የምትሄዱ የድሮ ራጃችሁን ያዙ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ከ4 በኋላ ወረፋው አይቀመስም።