ፔንሪዝን በማሸነፍ የማን ድል ይበልጣል፦ የሴንት ሄለንስ ወይስ የዊጋን?

ራግቢ ሊግ በተባለው የራግቢ ዓይነት የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ሻምፒዮኖች በሚገናኙበት የዓለም ክለቦች ፍልሚያ፣ የአውስትራሊያው ፔንሪዝ በእንግሊዝ ክለቦች ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዊጋን በገዛ ሜዳው 16 ለ 12 ረታው። ድሉ ትልቅ ነው፤ ግን ደጋፊው ከጎኑ ነበር፣ ረጅሙን በረራ የበረረውም ተጋጣሚው ነው።

ሴንት ሄለንስ ግን በ2023 አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ በፔንሪዝ ሜዳ ተጫወተ። ባለሜዳዎቹ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል 12 ለ 12 አደረጉት። እንዲህ ያለ ግብ ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ልብንም ይሰብራል። ቀድሞ ያገባ በሚያሸንፍበት ጭማሪ ሰዓት ሉዊስ ዶድ ኳሷን መሬት አንጥሮ መታትና በምሰሶዎቹ መካከል አሳለፋት፤ 13 ለ 12። እኔ የሴንት ሄለንስን አስበልጣለሁ።