ርካሹ የብረት ካሊፐር ለቤት ጥገና ይበቃል?

ካሊፐር የዕቃን ስፋትና ውፍረት በመንጋጋው የሚለካ የእጅ መሣሪያ ነው። እኔ መርካቶ የገዛሁት ብራንድ የሌለው ዲጂታል ካሊፐር ነው። እስከ 150 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ አካሉ የማይዝግ ብረት ነው። አጠገቡ የፕላስቲኩም ነበር፣ በጣም ርካሽ። እሱን ተዉት። አብዛኛዎቹ የሚያነቡት እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጠበቅ ሲያደርጓቸውም መንጋጋቸው ይጎብጣል።

ሱቅ ውስጥ የምፈትነው በኩሽኔታ ነው። 6202 የሚባለው አዲስ ኩሽኔታ የውጩ 35፣ የውስጡ 15፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ የታወቀ ስለሆነ ካሊፐሩ ቢዋሽ ወዲያው ይነቃበታል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል እኮ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ለካሁ፦ 34.99። ጨዋ ነው። ከዚያ መንጋጋውን ገጥሜ ወደ መብራት አየሁት፤ ብርሃን አያሳልፍም። ደጋግሜ ከፍቼ ስዘጋውም ዜሮው ላይ ይመለሳል። ይህን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ።

ቅር ያለኝ ባትሪው ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ካሊፐሮች ስክሪናቸው ጠፍቶም ውስጥ ውስጡን ባትሪ ይበላሉ። ስለዚህ ሥራ ስጨርስ ባትሪውን አውጥቼ አስቀምጣለሁ። ኤልአር44 ከሚባለው ትንሽ ክብ ባትሪ ይልቅ ኤስአር44 የሚባለውን ካገኛችሁ ይሻላል፤ ቮልቴጁ ቶሎ አይወርድም።

የጃፓኑ ሚቱቶዮ የሚባለው ብራንድ ጥሩ መሆኑ አያከራክርም። ግን እኔ የምለካው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታና ብሎን ነው፤ ቶርኖ ቤት የለኝ! ባትሪ የሚያማርራችሁ ከሆነ ባለ ቨርኒየሩን፣ ማለትም ስክሪን የሌለውንና ልኩ ከተቀረጹበት መስመሮች የሚነበበውን ግዙ። መስመሮቹን ለማንበብ ደህና ዓይን ይፈልጋል እንጂ ያለ ምንም ባትሪ እስከ 0.05፣ አንዳንዱም እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ያነባል።