ለመኪና አምፕሊፋየር የገጠምኩት ዜሮ ጌጅ የመዳብ ኬብል

ቤዙ በመታ ቁጥር የመኪናችሁ የፊት መብራት የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ዕቃ) ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ኬብላችሁን እዩ። እኔ ለ1000 ዋት አምፕሊፋየሬ ንጹሕ መዳብ የሆነ ዜሮ ጌጅ ኬብል ገጥሜያለሁ (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኬብሉ ይወፍራል)። ለመኪናዬ ሙዚቃ ብዬ ከገዛሁት ሁሉ እንደሱ የረካሁበት ዕቃ የለም።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ክላስ ዲ የሚባለው የአምፕሊፋየር (አምፕ) ዓይነት ከሚበላው ኃይል ወደ ስፒከር የሚያደርሰው 80 በመቶ ገደማውን ነው። ስለዚህ 1000 ዋት ለማውጣት በ13.8 ቮልት 90 አምፔር አካባቢ ይስባል። የቀድሞው ኬብሌ 4 ጌጅ ሆኖ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነበር፤ በዚህ ጭነት ከባትሪው እስከ ኋላ ባለው 5 ሜትር ውስጥ ግማሽ ቮልት ያህል ይበላል። ዜሮ ጌጁ መዳብ በዚያው ርቀት የሚበላው 0.15 ቮልት ገደማ ነው። ቴስተር አምፑ ላይ አድርጌ ስለካ፣ ቤዝ በሚበዛበት ዘፈን እስከ 12.1 ይወርድ የነበረው አሁን ከ13.2 አይወርድም።

ረጅሙ ኬብል ብቻውን ግን ይህን አያመጣም። ከዲናሞው ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አካል)፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄዱትን ሦስት አጫጭር ኬብሎችም በዚሁ ቀይሬያለሁ። በፖዘቲቭ የሄደው ያህል በኔጋቲቭ መመለስ አለበትና! አምፑ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ቀለሙ ጠፍቶ ብረቱ ሲያበራ ነው ቡሎኑን ያጠበቅኩት። ቀለም ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ የኬብሉን ጥቅም ሁሉ ገደል ይከተዋል።

ገበያው ላይ መዳብ የሚመስል ብዙ ስላለ ጫፉን ቆርጣችሁ አረጋግጡ። እኔ አንዷን ክር በቢላ ፋቅ አደረግኋት፤ ውስጧም ቀይ ነው። የተለበጠ ቢሆን ኖሮ ቀዩ ተልጦ ነጩ አሉሚኒየም ይወጣ ነበር። በእጅ ሲያነሱትም ያስታውቃል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከ3 እጥፍ በላይ ይከብዳል።

አብሮት የመጣውን የፊውዝ ቤት ግን አልወደድኩትም። ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ ኬብሉን የሚይዘው ብሎንም ሲሞቅ ይላላል። ሌላ ጠንካራ ገዝቼ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ አስሬዋለሁ። ይህ ፊውዝ ኬብሉ አንድ ቦታ ብረት ቢነካ መኪናው እንዳይቃጠል የሚያድን ስለሆነ ቁጠባ የሚታሰብበት ቦታ አይደለም።

ስለ ካፓሲተሩም ልጨርስ። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ወደ 12 ቮልት እስኪወርድ የሚሰጠው 26 ጁል ነው። 1000 ዋት ለሚበላ አምፕ ይህ ከሰከንድ 3 መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም።

ኬብል ያለውን ኃይል በአግባቡ ያደርሳል እንጂ አዲስ ኃይል አይፈጥርም። ፋብሪካ የገጠመው ዲናሞ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ከሙሉ አቅሙ በጣም ያነሰ ነው የሚያመነጨው፤ ከዚያም ላይ መብራቱና ማራገቢያው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከ1500 ዋት በላይ የምታስቡ ከሆነ ከዚህ ኬብል ጋር ከፍተኛ አምፔር ያለው ዲናሞ ግዙ። ኤጂኤም የሚባለው የታሸገ ባትሪ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።