«ሕጋዊ ሊደረግ ነው» ሲሏችሁ ገንዘባችሁን ያዙ

ባሕር ዳር ዙሪያ ቦታ ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው። ዘንዘልማ ሂዱ መሸንቲ፣ ደላላው የሚነግራችሁ አንድ ነው፤ «ሰነድ አልባው በሙሉ ሕጋዊ ሊደረግ ነው፤ አሁን ካልያዛችሁ በኋላ ዋጋው አይቀመስም»። እኔም አምኜ የዕቁብ ብሬን ሙሉ በሙሉ አስረክቤያለሁ።

የተዋዋልነው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። የመንደር ውል፣ ሦስት ምስክር። ውሉ ላይ የሰፈረው ቀን ግን የዚያን ዕለት አይደለም፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። «ለሕጋዊነቱ እንዲመች ነው» አለኝ ደላላው። በተጻፈው ቀን እኔ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ! ስቄ ፈረምኩ።

ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ሕጋዊ ማድረግ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ካለፈ አንድ የተወሰነ ቀን በፊት የተሠራ ቤት ይባላል፤ ቤቱ ያኔ መኖሩ ደግሞ በአየር ፎቶ ይጣራል። ፎቶው የጤፍ ማሳ ካሳየ ውላችሁ ምንም ቢል አያድናችሁም። በሌሊት ጨረቃ ቤት ማቆምም እንደዚያው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ እንኳ ሰነድ አልባ ይዞታ የሚስተካከልበትን ጊዜ በአራት ዓመት ገድቦት ነበር። ያውም ከከተማው ፕላን ጋር ከተስማማ ብቻ፣ ያውም በሊዝ። መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ላይ ካረፋችሁ አለቀ።

መሬቱን የሚሸጠው ገበሬ ላይ አልፈርድም። ከተማው እየገፋ ሲመጣ ቀድሞ ቢሸጥ አይገርምም። ግን የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። መንግሥት ቦታውን ሲወስድ ካሳ የሚቆጠረው ለእሱ ነው፤ እናንተ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ክሰሱ ቢሏችሁም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በካሬ ሜትር ተደራድራችሁ የከፈላችሁበትን ባዶ መሬት ዳኛ ፊት ምን ብላችሁ ታቀርቡታላችሁ?

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያለ ደላላ፣ በእግራችሁ፣ መሬት አስተዳደር ሂዱ። ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ፣ ቦታው በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ጠይቁ። ደላላው «አትሂዱ፣ ነገሩን ታበላሹታላችሁ» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። እኔንም ብሎኝ ነበር፤ አልሄድኩም።

ባለፈው እሁድ በዚያ አለፍኩ። የእኔ ባልኩት ቦታ ላይ አዲስ ችካል ተተክሏል። ለሌላ ሰው ሳይሸጡት አልቀሩም።